የመስኮት ብርሃንና የሕፃን ፊት

ሠዓሊ ያሰበውን ይሥላል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ያለውን ይወስዳል እየተባለ ሲነገር እንሰማለን። አባባሉ ለጆሮ ያምራል እንጂ ሲመረመር አይጸናም። ፎቶግራፍ አንሺ የሚቆምበትን ስፍራ፥ ብርሃኑንና ሰዓቱን የሚመርጥ ስለሆነ፥ ከፊቱ ካለው ነገር ጋራ የራሱንም አስተያየት አትሞ ያሳየናል። የሚነሣው ሕፃን በሆነ ጊዜ ደግሞ፥ ሕፃኑ እንዲህ አድርገህ አንሣኝ ለማለት አቅም ስለሌለው፥ የአንሺው ኀላፊነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሕፃናትን በመስኮት ብርሃን፥ በጥቁርና ነጭ ፊልም የማንሣትን ጥበብ በመቀሌ ከተማ ከምትገኘው ከዓይደር አንጻር ልንመረምር አስበናል።

ዓይደርን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች በዓይደር ሰፈርና በትምህርት ቤቱ ላይ ቦምብ ጣሉ። የኤርትራና የኢትዮጵያ የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ 53 ሰላማውያን ሰዎች እንደ ሞቱ፥ ከእነዚህም 12ቱ ተማሪዎች እንደ ነበሩ፤ ከቆሰሉት 185 ሰዎች መካከልም 42ቱ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ተጠቅሶ፥ ኤርትራ ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ ባለማድረጓ ተጠያቂ ሆናለች። ኋላም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቈየው ጦርነት ጊዜ፥ በዚያው ሰፈር ስም በሚጠራው ሆስፒታል የተኙ፥ በምግብ እጦት የከሱ ሕፃናት ምስል በውጭ አገር ጋዜጦች ታየ። እንግዲህ የዓይደር ልጅ ፊት በዓለም ዘንድ ሲታወቅ ሁለት ጊዜም የታወቀው በመከራው ቀን ነው።

እነዚህ ምስሎች ባልተነሡ ነበር አንልም። ምስክር የሌለው በደል በቶሎ ይረሳል፤ በ1977 ዓ.ም. በኮረም የተነሣው ምስል ባይታይ ኖሮ እርዳታው ይዘገይ እንደ ነበር ማንም የሚያምነው ነው። ነገር ግን የመከራ ቀን ምስል ስለ ቀኑ ይናገራል እንጂ ስለ ልጁ አይናገርም። ልጁ ከዚያ ቀን በፊት በምን ይሥቅ እንደ ነበር፥ ሲያስብ ግንባሩን እንዴት ያኮሳትር እንደ ነበር አይነግረንም። የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው በሰላም ቀን፥ በቤቱ፥ በመስኮቱ አጠገብ የተነሣ ምስል ነው።

የመስኮት ብርሃን ከአንድ ወገን ስለሚገባ የፊትን አንዱን ጎን ያበራል፥ ሌላውን በጥላ ይተዋል፤ በዚህም ጉንጭና ግንባር ቅርጻቸው ጎልቶ ይታያል። ቀለም የሌለው ፊልም ደግሞ የልብሱን ቀለም አስወግዶ ዓይናችንን ወደ ፊቱ ይመልሳል። የቀትር ፀሐይ ግን ከአናት ወርዳ የዓይንን ጉድጓድ ታጨልማለች፤ የደኅናውንም ልጅ ፊት የታማሚ ታስመስላለች።

ይሁን እንጂ ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዳ ደንብ ሁሉ ለአገራችን አይሠራም። በአውሮፓ በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ይመረጣል፤ ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትምና። መቀሌ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ፥ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ግድም የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የብርሃን መለኪያውም እንደዚሁ ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ስለሆነ፥ በነጭ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠን ጠይም ልጅ ከነግድግዳው ቢለኩት ፊቱ ይጨልማል። ፊቱን ብቻ ለክቶ አንድ ደረጃ ያህል መቀነስ ጠይምነቱን እንደ ጠይምነቱ ያኖረዋል። ጥላው ከበዛም በጥላው ወገን ነጠላ መዘርጋት ይበቃል። በጥንታዊው የትግራይ የድንጋይ ቤት በህድሞ ውስጥ መስኮት ጠባብ ስለሆነ፥ ደጃፉ የመስኮትን ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንለፍ። ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ1984 በኮረም ያነሣቸው፥ በኋላም በ2000 ባሳተመው የስደተኞች ልጆች መጽሐፍ ያቀረባቸው የጥቁርና ነጭ ምስሎች በውበታቸው ወደር የላቸውም። በመጽሐፉ ያሉት ልጆች አንድ በአንድ ከፊታችን ቆመው ትክ ብለው ያዩናል። ነገር ግን አሜሪካዊቷ ሐያሲ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ፍልሰት ሥራው በጻፈችው ላይ የተነሡት ሰዎች ስም በግርጌ አለመጻፉን ነቅፋለች። እኛም ከእርሷ ጋራ እንስማማለን። ከእርሱ እጅግ አስቀድሞ፥ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ፥ ሉዊስ ሃይን በአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ልጆችን ሲያነሣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። የሃይን ልጅ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ስም የሌለው ልጅ ግን፥ ምንም ያህል ቢያምር፥ የድኽነት ምሳሌ ሆኖ ይቀራል።

የመስኮት ብርሃንም የራሱ ፈተና አለው። ለስላሳ ብርሃንና ግራጫ ቀለም ሲገናኙ የተቀደደው ልብስ ጌጥ፥ የተሰነጠቀው ግድግዳ ሥዕል ይመስላል። የዛሬው ልጅም ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ ይመስልና ተመልካቹ፥ ይህ ያለፈ ነገር ነው፥ ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ሰው ምስሉን አይቶ፥ እንዴት ያለ ብርሃን ነው! ብሎ ልጁን ሳይጠይቅ ካለፈ፥ አንሺው ልጁን ለብርሃኑ ሠውቶታል ማለት ነው።

ታዲያ መልካሙን ከክፉው በምን እንለየው? ፊተኛው መለኪያችን ምስሉ የልጁን ስም የሚያውቅ መሆኑ ነው፤ ስሙን በአደባባይ ማውጣት ልጁን የሚጎዳ ቢሆን እንኳ አንሺውና ቤተ ሰቡ ሊያውቁት ይገባል። ሁለተኛው፥ ከወላጅ ፈቃድ ጋራ የልጁም ፈቃድ መጠየቁ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ምስል ስለሆነ፥ አንሺውን ልጁ እስኪለምደው ድረስ እንዲታገሥ ያስገድደዋል፤ እኛም ፊልምን የምናመሰግነው በዚህ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፥ ከታተመው ምስል አንዱ ለእናቱ መድረሱ ነው። በአገራችን ለብዙ ቤተ ሰብ የልጅ ምስል ማለት ለመታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ልጅ የጠፋ ቀን እናት የምታቅፈው ያንኑ ነው። በኤግዚቢሽን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በእናቱ ቤት ግን የሌለ የልጅ ምስል፥ ከባለቤቱ የተወሰደ ንብረት ነው ብንል አላጋነንም።

ስለዚህ መምህራን፥ በየትምህርት ቤታችሁ ካሜራ ያለው ሰው ቢገኝ፥ በደኅናው ቀን ተማሪዎቻችሁን በክፍላችሁ መስኮት አጠገብ አስነሡ፤ ስማቸውንም በጀርባው ጻፉ፥ ለወላጆቻቸውም ስጡ። እናንተም የሥነ ጥበብ ተማሪዎች፥ ወደ ዓይደር ብትሄዱ የቈሰለውን ግድግዳ ብቻ ፈልጋችሁ አትመለሱ። በዚያው ሰፈር ዛሬም ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በማለዳ ይወጣሉ፤ የእነርሱም ፊት እንዲታወቅ ይገባል።