ግራጫውን የሚያነብ ዓይን

ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ወዲህ ብዙ የጤና ባለሙያ አፍርታለች። እኔ ከሙያቸው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው የደረት ራጅ ማንበባቸውን ነው።

በራጅ ላይ አየር ጥቁር፣ አጥንት ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጭንቁ በመካከል ያለው ግራጫ ነው። ጥሩ አንባቢ ዓይን ወደሚስበው ነጭ ቦታ አይሮጥም። መጀመሪያ ስሙንና ቀኑን ያያል፤ ከዚያ የአየር ቧንቧውን፣ ልብን፣ የጎድን አጥንቶችን፣ ድያፍራምን። የሳንባውን ጫፍ ደግሞ ደጋግሞ ይመለከታል፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የሚወደው እዚያ ነው፤ አንዳንዴም ቀዳዳ አበጅቶ ይገኛል። የሳንባ ምች አንዱን ክፍል እንዳለ ሊያነጣው ይችላል። በሳንባው ዙሪያ ውሃ ከተቋጠረ የታችኛው ማዕዘን ይደፈናል። በደም የተሰራጨ ነቀርሳ ግን በሁለቱም ሳንባ ላይ ዳጉሳ የተበተነ ይመስላል። በደባርቅና በዳባት ደጋ ብርዱ ጭሱን ከቤት አያስወጣም፤ ዕድሜዋን በምድጃ ዳር የገፋች እናት ሳንባዋ አየር አምቆ ሲነፋ ድያፍራሟ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

ከዓይናቸው ይልቅ ጥርጣሬያቸው ይበልጥብኛል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ነቀርሳ ንጹሕ በሚመስል ራጅ ሊያልፍ ይችላል፤ የዳነ ነቀርሳም ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ አክታ ሳይመረመር አይፈርዱም። አሮጌ ጠባሳን ከአዲስ በሽታ ለመለየት ደግሞ የድሮውን ፊልም ከአዲሱ ጋር ማስተያየት በእጅጉ ይረዳቸዋል። እናም አንባቢ ሆይ፣ የቀድሞ ራጅዎን አይጣሉ፤ ለምርመራ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።