የዶዮገና ልጅ የጥንት ታሪክን በየትኛው መጽሐፍ ይጀምር?

ወላጆች ተሰባስበው ልጆቻቸውን በቤት ማስተማር በአገራችን ገና ብዙ አልተለመደም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን ጥያቄው ሳይታሰብ የየቤቱ ጥያቄ ሆነ፦ ልጄን ምን ላስተምረው? በየትኛው መጽሐፍ? ለሒሳብ መልሱ ብዙ አያስቸግርም። የጥንት ታሪክ ላይ ሲደረስ ግን የመጽሐፉ ምርጫ ታሪክ የሚባለው ምን እንደሆነ፣ በታሪኩ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ አስቀድሞ ይወስናል። ጉዳዩን ከከምባታዋ ዶዮገና ሆኜ የማየው ለዚህ ነው። ከአክሱም ወይም ከአዲስ አበባ ሲታይ የማይጎላው ችግር ከከምባታ ደጋ ሲታይ ግልጽ ሆኖ ይወጣል።

በዶዮገና የሚያድግ ልጅ በቤቱ ከምባቲሳ ይናገራል፤ ቋንቋውን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ያነባል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ታሪክን በእንግሊዝኛ ይማራል። ስለዚህ መጽሐፉ በይዘቱ ብቻ ሳይሆን በቋንቋውም መመዘን አለበት። በሙያ ሚዛን ብቻ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ አበባ የታተመውን የሥርግው ሀብለ ሥላሴን መጽሐፍ በመረጥሁ ነበር። እስከ 1270 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ዘመን የግሪክ፣ የዐረብና የግዕዝ ምንጮችን እያመሳከረ የሚተርክ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለተመራማሪ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከመስጠት ይልቅ ወላጁ ቀድሞ አንብቦት ቢዘጋጅበት ይሻላል።

የአለቃ ታየ ገብረ ማርያም «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ»፣ በ1914 ዓ.ም. አስመራ የታተመው፣ አጭር ነው፤ አማርኛውም ይጥማል። ነገር ግን የሕዝቦችን አመጣጥ ሲናገር የወረደ ትውፊትና ማስረጃ ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ከፍ ያሉት ልጆች የዚያ ዘመን ሊቅ ስለ ታሪክ እንዴት ያስብ እንደነበር እንዲያዩበት ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ዋና መማሪያ ግን አይሆንም።

የእኔ ምርጫ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በ1950ዎቹ ያሳተሙት፣ ከኑብያ ተነሥቶ በአክሱም አድርጎ እስከ ዛጉዬ የሚዘልቀው የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። አማርኛው ቀጥተኛ፣ የዘመን ቅደም ተከተሉ ለተማሪ የታሰበ ነው። ደራሲው በዩኔስኮ የአፍሪካ አጠቃላይ ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ (1981 እ.ኤ.አ.) ላይ ስለ ክርስቲያናዊት አክሱም የተጻፈውን ምዕራፍ ያዘጋጁም ናቸው። ለአገር ልጅም ለዓለም ምሁርም የጻፈ ሰው ሥራ በልጆቻችን እጅ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ሆኖም መጽሐፉን ስመርጥ ሁለት ጉድለቶችን አብሬ እቀበላለሁ። የመጀመሪያው የዘመኑ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ታሪክ ያጠናከረው አስተሳሰብ፣ ሥልጣኔን ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ሳባውያን አስገቡት የሚለው፣ የዚያን ትውልድ ጸሐፊዎች ሁሉ ነክቷል። በኋላ የመጣው የአርኪዮሎጂ ምርምር፣ የስቱዋርት መንሮ-ሄይ (1991 እ.ኤ.አ.) እና የዴቪድ ፊሊፕሰን (2012 እ.ኤ.አ.) መጻሕፍትን ጨምሮ፣ የአገር ውስጡ መሠረት ጥልቅ እንደነበር አሳይቷል። ወላጁ እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ይህን ለልጆቹ መናገር አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ደቡቡ በመጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አንድ የዶዮገና ልጅ የጥንት ታሪክን ዓመቱን ሙሉ ተምሮ የራሱን አገር ሰዎች አንዴም ሳያገኝ ሊጨርስ ይችላል። ምክንያቱ ጥላቻ አይደለም፤ የጽሑፍ ምንጭ አለመኖር ነው። የከምባታ ጎረቤት የሆነው ሐድያ እንኳ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕልና በዐረቡ ጸሐፊ አል-ዑመሪ ሥራ ነው፤ የሐድያዋ ልዕልት እሌኒም የምትመጣው በ15ኛው ነው። ጥንት የሚባለው ዘመን ያን ጊዜ አልፏል።

ጽሑፍ የለም ማለት ግን ማስረጃ የለም ማለት አይደለም። በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ያሉ ትክል ድንጋዮች ከመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ መቆማቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ቀድሞ ከሚገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የቀይ ባሕር የንግድ መርከበኞች መመሪያ የሆነው ፔሪፕሉስ አዱሊስንና አክሱምን የሚጠቅሰው። ልጆቹ ሁለቱን በአንድ የዘመን መስመር ላይ ይጻፏቸው። ከሆሳዕና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ጢያን ያልፋል፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ያሉት እዚያ ነው። እነዚህ ከሳካሮ ሶዶ በብዙ መቶ ዓመታት ያንሳሉ፤ ያ ራሱ ጥሩ የመማሪያ ጥያቄ ነው።

ከድንጋዩም በላይ የምጓጓለት እንሰት ነው። እንሰትን ያላመደችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ ዛሬም ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ሆኖ በቁፋሮ ብዙ አይገኝም። ስንዴና ገብስ ፍሬያቸው ምድጃ ውስጥ ከስሎ ሺህ ዓመት ይቆያል። እንሰት ግን የሚራባው ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ነው፤ ለምግብ የሚፈለገው ግንዱና ሥሩ ነው፤ ተፍቆና ተቀብሮ ቆጮ ሲሆን ለቆፋሪው የሚተርፍ ፍሬ አይኖርም። እናቱ እንሰት ስትፍቅ ያደገ ልጅ ይህን ሲረዳ አንድ ሕዝብ ታላቅ ነገር ሠርቶ በአፈር ውስጥ አሻራው ሊጠፋ እንደሚችል ይገባዋል። የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይህን እንሰቱ ለዶዮገና ልጅ የሚያስተምረውን ያህል ሊያስተምረው አይችልም፤ ማስረጃው በጓሮው ነው።

በዚህ ምክንያት ትምህርቱ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ባይጀመር እመርጣለሁ። ከአክሱሙ ንጉሥ ከዒዛና ይጀመር። ንጉሡ ድሉን በግሪክ፣ በግዕዝና በደቡብ ዐረብ ፊደል አስቀርጿል፤ በገንዘቡ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ በኋላ በመስቀል ተተክቷል። ልጆቹ ገንዘቡንና ጽሑፉን አስተያይተው ምን እንደተለወጠ ራሳቸው ይድረሱበት። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከአክሱም ወደምትቀድመው ወደ የሐ፣ ቀጥሎም ወደ ሳካሮ ሶዶና ወደ እንሰቱ ይሂዱ፤ በየቦታው የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ ይህን በምን አወቅን?

ለወላጁ የኡልሪሽ ብራውኬምፐር ሁለት ሥራዎች አሉ፤ የሐድያ ታሪክ በ1980 (እ.ኤ.አ.) በጀርመንኛ ወጥቶ በ2012 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ስለ ከምባታ የጻፈው ደግሞ በ1983 በጀርመንኛ ወጥቷል። ሁለቱም በአብዛኛው የቆሙት ሽማግሌዎች በነገሩት ላይ ነው። ስለዚህ ተሰባስበው በሚማሩት ልጆች መካከል አያት ያለው ሁሉ ስለ ጎሳው አመጣጥ ይጠይቅና ይጻፍ፤ ከታሪኩ ጎን ማን እንደነገረው፣ ነጋሪውም ከማን እንደሰማ ይመዝገብ፤ ሁለት አያቶች የተለያየ ነገር ካሉ ሁለቱም ሳይታረቁ ይቀመጡ።