አይቶ መጻፍና ሰምቶ መጻፍ

ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ያየውን ለወገኖቹ መንገር ዕዳው ነው። ይህን ዕዳ በቃል የሚከፍለው ብዙ ሲሆን በጽሑፍ የሚከፍለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ባልና ሚስት በሰሜን ሕንድ የሚገኙትን ታሪካዊ ከተሞች፣ ማለት ዴልሂን፣ አግራን፣ ፋቴፑር ሲክሪን፣ ጃይፑርንና ቫራናሲን ጐብኝተው ከተመለሱ በኋላ ያዘጋጁት የጕዞ ማስታወሻ ገና ማተሚያ ቤት ሳይገባ በእጃችን ሲደርስ በደስታ ተቀብለን አነበብነው። ስማቸው እንዲገለጽ አልፈቀዱም። ሥራቸውን እንድንመረምር ግን ስለ ጠየቁን ምስጋናውንም ነቀፌታውንም ሳንሸሽግ እናቀርባለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መጽሐፉን አንዱን ምዕራፍ ባል፣ ቀጣዩን ሚስት እየተፈራረቁ ጽፈውታል። ጸሐፊው ቁመትን፣ ስፋትንና ዘመንን መመዝገብ ይወዳሉ፤ ወይዘሮይቱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው ማየትን ይመርጣሉ። የሁለቱም ቋንቋ የጠራ፣ ዐረፍተ ነገራቸውም ያልተንዛዛ በመሆኑ አንባቢን አያደክምም።

ነቀፌታችን የሚጀምረው በአግራ ነው። ጸሐፊው ስለ ታጅ ማሃል በመጀመሪያ የሚነግሩን እውነት ነው። ሙምታዝ ማሃል 14ኛ ልጇን ስትወልድ በ1631 ሞተች፤ ባሏ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በሚቀጥለው ዓመት መቃብሯን ማሠራት ጀመረ፤ 20 ሺህ ያህል ሠራተኛም ተሰማራበት። ከዚህ በኋላ ግን ከአስጐብኚው አፍ የሰሙትን ተረት እንደ ታሪክ አድርገው ይጽፉታል። ንጉሡ ሌላ እንዲህ ያለ ሕንፃ እንዳይሠራ ብሎ የሠራተኞቹን እጅ አስቈረጠ፤ ለራሱም ከወንዙ ማዶ በጥቁር እብነ በረድ ሁለተኛ ታጅ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ ይላሉ።

አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ። የእጅ መቈረጡን ነገር የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። እንዲያውም ሻህ ጃሃን በ1639 በዴልሂ ቀዩን ግንብና አዲስ ከተማ ማሠራት ሲጀምር የታጅ ግቢ ሥራ ገና አልተፈጸመም ነበር። የሠለጠነ እጅ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ንጉሥ የሠለጠነውን እጅ ስለ ምን ያስቈርጣል? ደግሞም ይኸው ወሬ መልኩን እየለወጠ በሌላ አገር ይነገራል፤ በሞስኮ የቅዱስ ባስልዮስን ቤተ ክርስቲያን የሠራው ሰው ዓይኑ እንዲጠፋ ተደረገ ይባላል። የጥቁሩን ታጅ ወሬ በጽሑፍ ያሠራጨው በ17ኛው መቶ ዓመት ሕንድን የጐበኘው ፈረንሳዊ የዕንቍ ነጋዴ ታቬርኒዬ ነው። በ1990ዎቹ ከወንዙ ማዶ በተደረገው ቍፋሮ የተገኘው ግን የአትክልት ስፍራና የውሃ ገንዳ ነው፤ ጥቁር የተባለውም ድንጋይ በዘመን ብዛት የጠቆረ ነጭ እብነ በረድ ነው።

ስለዚህ ነገር ይህን ያህል የምንከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ መጽሐፍ ነገ በአስተማሪ እጅ ይገባል፤ አስተማሪው በክፍል ውስጥ ያነበዋል፤ ተማሪውም ሕንድን ባሰበ ቍጥር የተቈረጠ እጅ ይታየዋል። ባዕዳን ጐብኚዎች ስለ አገራችን ከመንገድ የለቀሙትን ወሬ ታሪክ ነው ብለው ሲጽፉ እኛ እናዝናለን። በእኛ ላይ ሲደረግ የምናዝንበትን ነገር በሌላው ሕዝብ ላይ ማድረግ አይገባንም።

ሁለተኛው ጕድለት የሚዛን ጕድለት ነው። መጽሐፉ ለታጅ ማሃል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሲሰጥ በዴልሂ ያለውን የንጉሠ ነገሥት ሁማዩንን መቃብር በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። ይህን መቃብር ያሠራችው መበለቱ ቤጋ ቤጉም ናት፤ ሥራውም የተጀመረው በ1560ዎቹ፣ ታጅ ከመጀመሩ ከ60 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በሰፊ የአትክልት ስፍራ ውስጥ፣ በከፍተኛ መደብ ላይ የቆመው ይህ ባለ ጕልላት ሕንፃ ለታጅ ፈር የቀደደ ነው። በአንዱ ከተማ ሚስት ለባሏ፣ በሌላው ከተማ ባል ለሚስቱ ያሠሩትን ሁለት መቃብሮች፣ ባልና ሚስት ሆነው አብረው ያዩ ጸሐፊዎች ጐን ለጐን አቁመው ሳያነጻጽሩ ማለፋቸው አስደንቆናል።

በዚያው በዴልሂ ከኩትብ ሚናር ሥር ቆመው ጸሐፊው የማማውን ቁመት 72 ሜትር ከግማሽ ብለው መዝግበዋል። ማማውን ያስፈጸመው ሱልጣን ኢልቱትሚሽ ነው። ከ1236 እስከ 1240 በዴልሂ ዙፋን የተቀመጠችው ራዚያ ልጁ ናት፤ እርሷም ጀማሉዲን ያቁት የተባለውን ሐበሻዊ የፈረሶች አዛዥ፣ በእኛ አነጋገር ባልደራስ፣ አድርጋ ሾመችው። ባዕድና ባሪያ የነበረ ሰው ለዚህ ማዕርግ መብቃቱ መኳንንቱን አስቈጣ፤ ራዚያ ዙፋኗን ባጣችበት ዓመፅም ያቁት ተገደለ። የማማው ቁመት በማንኛውም መምሪያ ይገኛል፤ በዚያ አገር ያለፈውን የሐበሻ ሰው ታሪክ ግን ከኢትዮጵያዊ ጐብኚ በቀር ማን እንዲያስታውስልን እንጠብቅ?

ይሁን እንጂ ነቀፌታችን ምስጋናችንን እንዲሸፍነው አንፈልግም። ስለ ፋቴፑር ሲክሪ የተጻፈው ምዕራፍ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ንጉሠ ነገሥት አክባር በ1571 የቈረቈረው ይህ ከተማ ብዙ ሳይቈይ ስለ ምን ተተወ ለሚለው ጥያቄ፣ ውሃ አጥቶ ነው የሚሉትንም፣ ንጉሡ በ1585 ስለ ሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ጕዳይ ወደ ላሆር በመሄዱ ነው የሚሉትንም ሁለቱን አስተያየቶች አቅርበው ፍርዱን ለአንባቢ ትተዋል። በአግራስ ይህን ማድረግ ማን ከለከላቸው?

ከሁሉ የሚበልጠው የጃይፑር ምዕራፍ ነው። በ1799 የተሠራው ሀዋ ማሃል 953 ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ወይዘሮይቱ ግን ቍጥሩን ትተው በስተኋላ ገብተው ይወጣሉ፤ በአንዲት መስኮት ዝቅ ብለውም የገበያውን መንገድ ለረጅም ጊዜ ይመለከታሉ። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ራሳቸው ሳይታዩ ከተማውን ያዩ የነበረው በዚያ ነው። ሁሉን እያዩ በማንም አለመታየት ክብር ነው ወይስ እስራት? ብለው ጠይቀው ያቆማሉ። ጸሐፊውም በበኩላቸው የከተማው መሥራች ጃይ ሲንግ ባሠራው የከዋክብት መመልከቻ ቦታ፣ 27 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የፀሐይ ሰዓት ሥር ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን ያስተያያሉ። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የድንጋዩን ሰዓት ስሕተተኛ ነው አላሉም። ምክንያቱን ፈልገው፣ የድንጋዩ ሰዓት የዚያኑ ስፍራ ፀሐይ እንደሚከተል፣ የእጅ ሰዓት ግን ለሕንድ ሁሉ በተወሰነው የጋራ ሰዓት እንደሚሄድ አስረድተዋል። እነዚህ ሁለት ገጾች በዓይን የታየና በአእምሮ የተመረመረ ነገር የተጻፈባቸው ናቸው።

በቫራናሲ ደግሞ በጋንጅስ ዳር ሬሳ የሚቃጠልበትን ስፍራ ከጀልባ ሆነው ሲያዩ የፎቶግራፍ መሣሪያቸውን መዝጋታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፈው አልፈዋል። የሰው ኀዘን ለጐብኚ ትርዒት አለመሆኑን ለማስተማር ያ አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉ ታርሞ እንዲታተም አጥብቀን እንመክራለን። የአግራው ወሬ ይውጣ አንልም፤ ተረት መሆኑ ተገልጾ ይጻፍ። ተረት በስሙ ሲጠራ የጽሑፍ ጌጥ ነው፤ ታሪክ ተብሎ ሲጠራ ግን ሐሰት ነው። ለቤጋ ቤጉምና ለባልደራሱ ያቁትም ጥቂት ገጾች ይጨመሩላቸው። እነዚህ ባልና ሚስት ቆመው ባዩበት ስፍራ ሁሉ በሚገባ ጽፈዋል፤ ቀሪውንም በዚያው ዓይን እንዲመለከቱት እንለምናቸዋለን።