የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ የዕቃ ዋጋ ለብቻ

«ራም እንዲህ ከተወደደ፣ ያኔ በርካሽ የገዛነውን ለምን በዛሬው ዋጋ አንሸጥም?» ጥያቄው የተለማማጁ ነው። ልጁ «ጋሼ» የሚላቸው የላፕቶፕ ጥገና ባለሙያ ቀና ሳይሉ መለሱለት፦ «ነገ በቦታው ሌላ የምገዛ ከሆነ በዛሬው ዋጋ እሸጠዋለሁ። ደንበኛው ግን ለምን እንደጨመረ ይወቅ።» ልጁ አልረካም። ከጎናቸው ያለው ሱቅ «ጥገና በነፃ» ብሎ ለጥፎ፣ ሒሳቡን ሁሉ በዕቃው ላይ ይጭናል፤ ደንበኛውም ከእነሱ ይበልጣል።

ጥያቄው ያለምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት የሚሞሪ ቺፑን ሲሻሙት የራም ዋጋ በመላው ዓለም ናረ። ቺፕ አምራቹ ማይክሮን እንኳ በዚያው ዲሴምበር «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። ባለሙያው እንዲህ ያለ ውድነት አይገርማቸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የዌስተርን ዲጂታል ፋብሪካ ውሃ ገብቶበት ሃርድ ዲስክ ተወዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ያንን ሰሞን አይረሳውም።

ጎርፍና ምንዛሪ በቂ ምክንያት ናቸው። የሚያናድዳቸው ምክንያት የሌለው ጭማሪ ነው። ሳምሰንግ የራም ዋጋን ከተፎካካሪዎቹ ጋር ተመሳጥሮ መወሰኑን አምኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ 300 ሚሊዮን ዶላር ለመቀጣት ተስማምቷል። አፕል በኤም1 ማክቡክ ኤር ላይ ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ለማሳደግ 200 ዶላር ያስከፍል ነበር። ቺፑ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ስለታሸገ፣ ያልተመቸው ገዢ በኋላ ከገበያ ገዝቶ መጨመር አይችልም። ጋሼ ግን ስለ ትልልቆቹ ብዙ አያወሩም፤ ሙግታቸው ከሠፈራቸው ጠጋኞች ጋር ነው።

«ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» ተብሎ የመጣን ላፕቶፕ እንውሰድ። መልቲሜትሩ የቻርጀር መግቢያው አጠገብ ሲያርፍ ይጮኻል፤ የ19 ቮልቱ መስመር ሾርት ሆኗል። ባለሙያው ቦርዱን በአልኮል ያረጥቡና ከፓወር ሰፕላይ 1 ቮልት ብቻ ይለቁበታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ መጠበቅ ነው። ቦርዱ ሁሉ እንደረጠበ፣ ከስንዴ ፍሬ ያነሰች አንዲት ካፓሲተር ላይ ያለው አልኮል ቀድሞ ይደርቃል። ጥፋተኛዋ እሷ ናት። በሆት ኤር ትነሳለች፤ ከሞተ ቦርድ የተነቀለች ሌላ ካፓሲተር ትተካታለች፤ መብራቱ ይበራል።

አሁን ስንት ይባል? የዕቃው ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፤ የተከፈለበት ነገር ዓይንና ትዕግሥት ነው። ደንበኛው ግን «ለዚች ለትንሿ ነገር ነው ይህን ሁሉ ብር?» ይላል። ያው ሰው ለአዲስ ማዘርቦርድ የዚያን ብዙ እጥፍ ሳያጉረመርም ይከፍላል፤ በእጁ የሚይዘው ነገር አግኝቷላ። የጎረቤቱ ሱቅ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ ሰው ለእጅ ካልከፈለ፣ የእጅን ዋጋ ዕቃው ውስጥ ደብቆ ከመውሰድ በቀር ምን ምርጫ አለ?

መከራከሪያው የዋዛ አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሁሉ ይገባዋል። ባለሙያው ግን የእጁንና የዕቃውን ዋጋ ለየብቻ ከመጻፍ ንቅንቅ አይሉም። ትርፉ ዕቃው ላይ ከሆነ፣ ጠጋኙ ሳያስበው ዕቃ መቀየር ይወዳል። ፋኑን ከአቧራ ማጽዳትና ቴርማል ፔስት መቀባት ለሚበቃው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ይሸጥለታል። ከዓመት በኋላም መልቲሜትር ማንሳት የረሳ፣ ሻጭ ብቻ የሆነ ሰው ይሆናል። የሙያውን መሞት የሚያዩት እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ እሳቸው ግን ሕግ ስላለ አይደለም ዋጋውን ለይተው የሚጽፉት።

ልማዱ የመጣው ከሬዲዮ ነው። በልጅነታቸው ሥራ የለመዱት ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነበር፤ ያ ሰው የተቃጠለውን ዕቃ በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤቱ ሳይመልስ ሒሳብ አይቀበልም። ዛሬ እሳቸውም ካፓሲተሯን በፕላስተር ደረሰኙ ላይ ለጥፈው ይሰጣሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ይስቃል፤ አንዳንዱ በጥርጣሬ ያገላብጠዋል። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት እጅ በወረቀት ላይ ለብቻው ዋጋ ተጽፎለት ሲያዩ ግን ደስታቸውን አይደብቁም፤ ዕቃ መሸጥ ለማንም አይከብድም ባይ ናቸው።

ጎረቤቱም ይህን ሳያውቅ አይቀርም። የከበደውን ቦርድ ማታ ማታ በልጅ ይልክላቸዋል። እሳቸውም እንደማንኛውም ደንበኛ አስከፍለው፣ የእጁንና የዕቃውን ለየብቻ ጽፈው ይመልሱለታል። ጎረቤቱ ግን ለባለላፕቶፑ በሚሰጠው ሒሳብ ላይ «የማዘርቦርድ ቅያሪ» ብሎ እንደሚጽፍ ተለማማጁ በቅርቡ ደርሶበታል። ለባለላፕቶፑ ይነገረው ወይስ ይተው በሚለው ላይ ጋሼና ልጁ እስካሁን አልተስማሙም።