አሻጥረኛው ማነው?

በአማርኛችን ውስጥ እንደ ወንዝ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ አንድ ቃል አለ፤ «አሻጥር»። መንግሥት ነጋዴውን፣ ካድሬው ገበሬውን፣ አለቃ ምንዝሩን አሻጥረኛ ሲለው ኖሯል። ቃሉ አንድ ቀን ተሳስቶ ሽቅብ ሲወጣ፣ ማለትም ተራው ሰው መንግሥትን «ይህ ያንተ አሻጥር አይደለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አገር ይደነግጣል። ጠያቂው ወይ ጠላት ይባላል፣ ወይ የጠላት መጠቀሚያ።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ይህ ቃል ባዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ቡናውን በኬላ ሾልኮ ለማሳለፍ የሞከረ ሰው ኮንትሮባንዲስት ብቻ አልነበረም፤ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ፣ የአብዮቱ ጠላት ነበር። ደርግ ሄደ፣ ቃሉ ግን ሻንጣውን አልያዘም። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. መንግሥት 6 ታላላቅ ቡና ላኪዎችን ቡና ደብቃችኋል ብሎ ፈቃዳቸውን ነጠቀ፣ መጋዘናቸውን አሸገ። ሰዎቹ አጥፍተው ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ክርክር እሱ ላይ አይደለም። የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። ክሱ፣ ማስረጃውና ፍርዱ በአንድ መኪና ተሳፍረው ደረሱ።

ቡና ላይ ሲሆን ነገሩ በገንዘብ ያልቃል። ጦርነት ሲመጣ ግን ይኸው ቃል ፈንጂ ይታጠቃል። ያን ጊዜ «አሻጥረኛው ማነው?» የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት ጥያቄ ይሆናል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሳምንቱ ነበር። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። መቶ ያህል ሰው አለቀ ተባለ። በ1977ቱ ረሀብ የኮረምን ሕዝብ ስቃይ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ፍንዳታውን ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ቀረ። ወዲያው «አሻጥር ነው፣ የደርግ ርዝራዦች ናቸው» ተባለ። ሊሆን ይችላል፤ የተሸነፈ ሠራዊት ጥሎት የሚሄደውን ማቃጠሉ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ሠራዊት የፈረሰበት ከተማ መጋዘን በግዴለሽነትም፣ በአንድ ክብሪትም ይፈነዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። አንደኛው ጠላትን ይከሳል፤ ሁለተኛው ቁልፉን የያዘውን ይጠይቃል። «አሻጥር» የሚለው ቃል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፍ ያዡን ከጥያቄ ያወጣዋል።

መስከረም 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ፈንጂዎች ፈነዱ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት የሞቱት ሰዎች የኦነግ አባላት ናቸው፣ ፈንጂውን ሲያዘጋጁ ፈነዳባቸው፣ ከጀርባቸው ሻዕቢያ አለ አለ። ሠራዊታችን ሶማሊያ ውስጥ በይፋ ጦርነት ሊከፍት የቀረው ሦስት ወር ያህል ነበር። የጦርነት ከበሮ በሚመታበት ሰሞን እንዲህ ያለ ዜና ማን ይመረምራል? ዜናው ተነበበ፣ አለቀ።

አላለቀም ነበር። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ዊኪሊክስ የአሜሪካን ኤምባሲዎች ሚስጥራዊ መልእክት ለዓለም ሲዘረግፈው፣ ከአዲስ አበባው ኤምባሲ በ1999 መጀመሪያ የተላከ አንድ መልእክት ብቅ አለ። ኤምባሲው ፍንዳታው የመንግሥት የራሱ የጸጥታ ኃይሎች ሥራ ሊሆን እንደሚችል ምንጮች እንደጠቆሙት ለአለቆቹ ጽፏል። እንዴ! የገዛ አገሩን ከተማ በፈንጂ?

ከዚያ የሆነውን የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወገን «ይኸው፣ አላልንም?» ብሎ ጨፈረ። ሌላው ወገን «የፈረንጅ ወሬ» ብሎ ጠረገው። እኔ ሁለቱንም አልተቀበልኩም፤ ዛሬም አልቀበልም። የኤምባሲ መልእክት ፍርድ አይደለም። ዲፕሎማት ከሰው የሰማውን ለአለቃው ይጽፋል፤ «ሊሆን ይችላል» የሚለውም ከጥንቃቄ ነው። «ሊሆን ይችላል»ን ይዞ «ሆኗል» ማለት ልክ እንደ ከሳሹ መንግሥት መሆን ነው። በሌላ በኩል «የፈረንጅ ወሬ» መልስ አይደለም። መልስ የሚሆነው የፖሊስ መዝገብ፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የሟቾቹ የመጨረሻ ቀናት ታሪክ ነበር። እነዚህ ወረቀቶች መንግሥት እጅ ይገኛሉ እንጂ ጨፋሪው እጅ አይገኙም። ንጹሕ የሆነ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢያኖር ምን ይጎዳል? የሚሞግተውን ሁሉ በአንድ ቀን አፉን ያስይዘዋል።

«በጦርነት ጊዜ መንግሥት ሚስጥር አለው፤ ሁሉን አደባባይ ላይ አውጣ አይባልም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። የወታደር ሚስጥር ሲባክን የሚሞተው የድሃ ልጅ ነው። ግን ሚስጥርና ዝምታ ለየቅል ናቸው። ሚስጥር ጊዜ አለው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ይከፈታል። የእኛ ሚስጥር ጦርነቱ ካለቀ፣ መንግሥቱም ከተለወጠ በኋላ እንኳ አይከፈትም። አዲሱ ባለሥልጣን የአሮጌውን መዝገብ ቁልፍ ተረክቦ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

ነገሩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ አልቀረም፤ እስከ ሄግ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በአልጀርስ ስምምነት ሲቋጭ የሁለቱን አገሮች የካሳ ጥያቄ የሚያይ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከቀረቡለት ነገሮች አንዱ የመጠራ ሐውልት ነበር። ሰንዓፈ አጠገብ የቆመ፣ በግዕዝ ፊደል ከተጻፉት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱን የያዘ ድንጋይ ነው፤ ቋንቋው የእኔም የአንተም ነው። በግንቦት 1992 ዓ.ም. አካባቢው በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ሳለ አንድ ሌሊት በፈንጂ ወደቀ። ማን አፈነዳው? ኢትዮጵያ አላደረግሁም አለች። ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የትኛውም አዛዥ አዝዟል አላለም፤ ያፈነዳውንም ሰው በስም አልጠራም። ይሁን እንጂ ቦታው በእጅሽ ነበር፣ በእጅሽ ባለ ቦታ ለደረሰው ትጠየቂያለሽ አለ።

ይህ የሚያስቆጣው አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ያው ኮሚሽን በዚያው ቀን ባወጣው ሌላ ውሳኔ ኤርትራን በዓይደር ጥፋተኛ አድርጓታል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቐለ ውስጥ ዓይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ ቦምብ ጥለው ሕፃናት አልቀዋል። ኤርትራ ዒላማዬ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር አለች። ኮሚሽኑ ሆን ብላችሁ ትምህርት ቤት መታችሁ አላለም፤ ግን ማድረግ የምትችሉትን ጥንቃቄ አላደረጋችሁምና ተጠያቂ ናችሁ አለ። «አላሰብኩትም» መውጫ በር አልሆነም። እንደ እኔ ከሁለቱ ውሳኔዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ መንግሥትን ለመጠየቅ ሚስጥራዊ ትእዛዙን ፈልፍሎ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ቁልፉ በማን እጅ ነበር? ጠብቆት ነበር ወይ? ከሆነ በኋላስ ምን አደረገ? እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ።

በእነዚህ ጥያቄዎች የቅርቡን ጦርነት ብንለካው? በኅዳር 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የትግራይ ግንኙነት የተቋረጠው መቐለ ያለው ጣቢያው ሆን ተብሎ በሰው እጅ ስለተዘጋ ነው ብሎ የካሜራ ምስል ለሕዝብ አሳየ። እኔ ይህን አወደስኩ። በአገራችን «አሻጥር ተፈጸመ» ሲባል ምስል ሲቀርብ ብርቅ ነው። ግን ከሰኔ 2013 በኋላ ያ ክልል እንደገና ስልክም ባንክም መብራትም አጥቶ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲቆይስ? ለዚያኛው የካሜራ ምስል ያቀረበ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2015 መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን በመንፈጉ የፌዴራሉን መንግሥት ተጠያቂ ሲያደርግ፣ መንግሥት ሪፖርቱን እንዳለ ውድቅ አደረገ። ጠላት ሲቆርጠው አሻጥር፣ እኛ ስንቆርጠው ምን? ስም እንኳ አላወጣንለትም።

አሁን ወደ ቡናው አገር ልመለስ፤ የተጠያቂነት ነገር የት ላይ እንደሚሰበር ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለምና። መጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም. ቴፒ ላይ የሆነው ጦርነት አልነበረም፤ ግን ሥዕሉ የጦርነት ነው። የየኪ ወረዳ ማን ያስተዳድራት በሚል ለዓመታት ሲብላላ የኖረ ጥያቄ ነበር። ሸኮዎችና መዠንገሮች በአንድ በኩል፣ የአካባቢው አስተዳደርና ፖሊስ በሌላ በኩል ተጋጩና ከመቶ በላይ ሰው መሞቱ ተነገረ። የአውሮፓ ኅብረት ግልጽ ማጣሪያ ይደረግ አለ። መንግሥት ራሴ አጣራለሁ አለ፤ የአካባቢው ሹማምንትና ፖሊሶችም ታስረው ተከሰሱ።

ይህን ማቃለል አልፈልግም። ፖሊስ በገደለው ሰው መከሰሱ በእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ክሱ የወረዳና የዞን ሰው ላይ ሲደርስ እግሩ ይያዛል። የአስተዳደር ጥያቄውን እያየ ያሳደረው፣ ሪፖርት እየደረሰው የተኛው፣ ከላይ ሆኖ የሾመውና ያዘዘው ወዴት ሄደ? አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን ነው። ዳውላው ተደበደበ፤ አህያው ሣር እየጋጠ ነው። በጥቅምት 2013 ከሚዛን ብዙም በማይርቀው ጉራፈርዳ ከ30 ያላነሱ ሰዎች በታጣቂዎች ሲገደሉ የተነሳው ጥያቄም ያው የድሮው ነበር፤ ጠባቂው የት ነበር?

«ኮሚሽን ይቋቋም» ማለት ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተፈሰሰውን ደም የሚያጣራ ኮሚሽን ፓርላማው አቋቁሞ ነበር። ዳኞቹ ቆጥረው 193 ሲቪሎች መሞታቸውን አገኙ፤ የተወሰደው እርምጃም ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው በድምፅ ብልጫ ወሰኑ። ከዚያ ሰብሳቢውም ምክትላቸውም አገር ጥለው ተሰደዱ። በ1999 ዓ.ም. ፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ቁጥሩን እንዳለ ይዞ እርምጃው ተገቢ ነበር አለ። ሬሳው ተቆጠረ፣ ጥፋቱ ጠፋ! ምርመራውን ያዘዘው፣ የተመረመረውና ውጤቱን የሚያነበው አንድ ቤት ሲሆኑ ሌላ ምን ይጠበቃል?

በቡና ገበያ ይህ ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል። እሸት ቡናውን ይዞ የመጣ ገበሬ ሰብሳቢው ብቻውን ሚዛኑን ይዞ፣ ብቻውን አንብቦ፣ ብቻውን ዋጋ ቢነግረው አንገቱን ሰገግ አድርጎ መርፌውን ያያል። ላኪም የራሱን ቡና ራሱ ቀምሶ ደረጃ አይሰጥም፤ ሌላ ቀማሽ አለ። ለአንድ ኪሎ ቡና የማንፈቅደውን ለሰው ነፍስ እንዴት እንፈቅዳለን?

እንግዲህ ክርክሩ «መንግሥት አድርጎታል» እና «አላደረገውም» በሚሉ ሁለት ጎራዎች መካከል መሆኑ ይቅር። ሁለቱም ያላዩትን ይምላሉ። ክርክራችን ስለ ሚዛኑ ይሁን። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል፤ እውነት ይወጣል፣ ጥፋተኛ ይጠየቃል ይላል። የምፈትነው በሦስት ቀላል ነገሮች ነው። መርማሪውን የሚሾመውና የሚሽረው ተመርማሪው እንዳይሆን። ሪፖርቱ ከባለሥልጣን ጠረጴዛ በፊት ወይም ቢያንስ በዚያው ቀን ሟቾች ቤት እንዲደርስ፤ በሚሰሙት ቋንቋ፣ በሸክኛም በመዠንግርኛም ይሁን። እና ጥያቄው ወረዳ ላይ ደርሶ እንዳይቆም፣ ትእዛዙ ወደመጣበት ሽቅብ እንዲወጣ።

መንግሥት የእውነት ጠላት አለው፤ አሻጥርም አለ። ድልድይ የሚያፈርስ፣ መስመር የሚቆርጥ፣ ፈንጂ የሚቀብር ሰው ተረት አይደለም። ለዚህም ነው መንግሥት መታመን የሚያስፈልገው። ዛሬ እውነቱን ቢናገር የሚያምነው ሰው እንዲያገኝ፣ ትላንት በእጁ ስለፈነዳው መልስ መስጠት አለበት። የቴፒ እናት «ልጄን ማን ገደለው?» ስትል «አሻጥረኛ» የሚል መልስ አይበቃትም። ስም፣ ማዕረግና ትእዛዙን የሰጠውን ሰው ትፈልጋለች።