ሲ እና ዲ ሁለት ዲስክ አይደሉም

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከእምድብር ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወልቂጤ ወዳለው ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ከቦሌ ተነስቼ ወደ ጅማ ስበር ልክ እኛ ሰማይ ላይ ስደርስ ሀንግ ያደርጋል» አለኝ። የሚበረው በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር በወልቂጤ አጠገብ ያልፋል፤ ቀጥሎ መሬቱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ልጁ የአገራችንን መልክዓ ምድር ከሳተላይት ፎቶ ጭኖበታል።

ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ አስቦ ነበር። «ቆይ» ብዬ ክዳኑን ከፈትኩና ጆሮዬን ወደ ሃርድ ዲስኩ አስጠጋሁ። አውሮፕላኑ በቆመ ቁጥር ዲስኩ ቋ ቋ ይላል። «ሲን ለዊንዶውስ፣ ዲን ለሲሙሌተሩ ለይቻቸዋለሁ እኮ» አለኝ። ችግሩ እዚያው ነበር። በእሱ ኮምፒውተር ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ የሚያነበው ክንድ አንድ ነው።

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ዘሎ ለማንበብ በአማካይ 12 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሴኮንድ 30 ምስል ለሚያሳይ ሲሙሌተር የአንዱ ምስል ድርሻ 33 ሚሊሴኮንድ ነው። ሦስት ዝላይ ያንን ጊዜ ይጨርሰዋል። ዊንዶውስ፣ ራም ሲያንሰው ዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ፔጅ ፋይልና አንቲቫይረሱ ያንኑ ክንድ ሲጠሩት ተራራውና ሸለቆው ወረፋ ይጠብቃሉ።

አባቶቻችን የጉራጌን የመንደር መንገድ፣ ጀፎረን፣ አስፍተው የተዉት ሰውም ከብትም ሳይጋፋ እንዲተላለፍ ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዊንዶውስንና ፔጅ ፋይሉን በ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ጫንኩ። ሲሙሌተሩ በነባሩ ዲስክ ቀረ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገባው አጎቱ ያመጣለትን 500 ጊጋባይት ዲስክ ለመልክዓ ምድሩ ብቻ ሰጠሁትና ፎልደሩን በሲሙሌተሩ የሲነሪ ላይብረሪ አስመዘገብኩ። ሦስቱም የየራሳቸው ኬብል አላቸው። ሁለቱን ሃርድ ዲስኮች ዲፍራግ አደረግኩ፤ ኤስኤስዲ ግን ክንድ ስለሌለው ዲፍራግ አያስፈልገውም፤ ቢደረግለትም ዕድሜውን ያሳጥርበታል።

ልጁ ዳግመኛ ከቦሌ ተነሳ። ወልቂጤን አለፈ፣ ግቤ ከታቹ ተዘረጋ፤ ምስሉ አልቆመም። በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት ግን አልጨመረም። እሱ የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ነው። የጠፋው መቆራረጡ ነው፤ አብራሪ ለመሆን ለሚለማመድ ልጅ ደግሞ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ሁለት ዲስክን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ፍጥነት ይጨምራል፤ አንዱ ሲሞት ግን የሁለቱም ይዞታ ይጠፋልና አልመክረውም። ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲ ግዙ። ከዚያ በፊት ግን ምስሉ ሲቆም ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ ዲስኩን እዩት። 100 በመቶ ላይ ከተጣበቀ ብራችሁን ለግራፊክስ ካርድ አታውጡ።