ስለ ኀያላን የሥዕል ታሪክ፤ ከቍጥር 1 እንደ ገና ስለ መጀመር

በአሜሪካ አገር ኮሚክ የሚባለው የሥዕል ታሪክ በየጊዜው በቀጭን ጥራዝ እየታተመ ይሸጣል። በጥራዙ ሽፋን ላይ እንደ ጋዜጣ ቍጥር ተጽፎበታል፤ አንባቢውም ቍጥሩን ይዞ ታሪኩን ይከተላል። የኀያላኑ ኹሉ አውራ የኾነው ሱፐርማን ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ከሚባሉ ከኹለት ወጣቶች እጅ ወጥቶ፥ አክሽን ኮሚክስ በሚባለው ጥራዝ በቍጥር 1 ላይ በ1938 ዓመት ታየ። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ሲነገር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መኾኑን አንባቢ ይወቅልን።) ይህ ጥራዝ ቍጥሩን እየጨመረ ኺዶ በ2011 ዓመት 904 ደረሰ። ወዲያው ግን አሳታሚው ዲሲ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ 52 ዓይነት ጥራዝ፥ ኹሉንም በቍጥር 1፥ አወጣ። አክሽን ኮሚክስም ከነዚያ አንዱ ነበረ።

የተለወጠው ቍጥሩ ብቻ ቢኾን ኖሮ የነጋዴ ጕዳይ ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ከቍጥሩ ጋራ ታሪኩም ተፋቀ። በ1996 ዓመት ተጋብተው የነበሩት ሱፐርማንና ሎይስ ሌን እንዳልተጋቡ ኾኑ። ፍላሽ የሚለውን ስም ከ1986 ጀምሮ 25 ዓመት የተሸከመው ዋሊ ዌስት ከታሪኩ ወጣ። ሞተ አልተባለም፤ ሞትማ ቢኾን ልቅሶ አለው፥ ተዝካርም አለው። እንዳልነበረ ተደረገ እንጂ። ከእርሱ ጋራ ያደገ አንባቢ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ በየወሩ ሳንቲሙን እየቈጠበ የገዛው ኹሉ ያልተደረገ ነገር ነው ተብሎ ተነገረው።

አሳታሚዎች ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ስውር አይደለም። አዲስ ገዢ 904 የሚል ቍጥር ሲያይ 903 እንዳመለጡት ዐውቆ ይፈራል፤ ቍጥር 1 ሲያይ ግን በሩ የተከፈተለት ይመስለዋል። ይህ እውነት ስለ ኾነ ልናቃልለው አይገባም። ኹለተኛው ምክንያት ግን የሚያስመሰግን አይደለም። ቍጥር 1 ያለበት ጥራዝ ወደ ፊት ዋጋው ይወጣል ብሎ የሚሰበስብ ሰው ስላለ፥ አንዱ ሰው ያንኑ ደጋግሞ ይገዛል። በ1991 ማርቭል የሚባለው አሳታሚ ኤክስ ሜን የተባለውን ጥራዝ በ5 ዓይነት ሽፋን እንደ ገና ከቍጥር 1 ቢጀምር ከ8 ሚሊዮን በላይ ለሱቆች ተሸጠ። ይህን ያህል ሰው አነበበው ማለት ግን አይደለም፤ ብዙው በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ገባ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የሰብሳቢዎቹ ገበያ ወደቀ፤ በ1996 መጨረሻም ማርቭል ዕዳው በዝቶበት ስለ ኪሳራ ለዳኛ አመለከተ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ መጽሐፍን እንደ አክሲዮን መሸጡ ግን አንዱ ነበረ።

እንደ ገና መጀመር ኹሉ ክፉ ነው እንዳንል የሚከለክለን ደግሞ የፍላሽ ታሪክ ነው። ፊተኛው ፍላሽ ጄይ ጋሪክ በ1940 የተፈጠረ ሲኾን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተረሳ። በ1956 ዲሲ ስሙን ብቻ አንሥቶ ባሪ አለን የሚባል ሌላ ሰው በሌላ ልብስ አወጣ፤ በዚያም የሞተው የኀያላን ታሪክ ሕይወት አገኘ። ብልኀቱ ይህ ነው፤ አዲሱ ፍላሽ የፊተኛውን ፍላሽ ታሪክ በኮሚክ አንብቦ የወደደ ሰው ኾኖ ተጻፈ። በ1961፥ በቍጥር 123፥ ኹለቱ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ለካ ኹለት ዓለማት ኖረዋል፥ አንዱ ፍላሽ ባንዱ ዓለም፥ ሌላውም በሌላው ይኖራል ተባለ።

ይህን ያነበበ የቤተ ክህነት ሰው ሳይስቅ አይቀርም፤ ነገሩ ከአንድምታ ጋራ ይመሳሰልበታልና። የኛ ሊቃውንት አንዱን ንባብ ሲተረጕሙ አንድ ምስጢር ከተናገሩ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ እንደ ገናም «አንድም» ይላሉ። ኹለተኛው የፊተኛውን አያባርረውም። ተማሪው ኹሉንም በቃሉ ይይዛል፤ የትኛው እንደሚበልጥ በልቡ ይመዝናል። በ1961 ዓመት የዲሲ ጸሐፊዎች ሳያውቁት «አንድም» ብለው ነበር።

በኋላ ግን ዓለማቱ በዙ፤ ጸሐፊዎቹም አንባቢ ግራ ይጋባል ብለው ሠጉ። በ1985 ዓመት ማርቭ ዎልፍማን ጽፎት ጆርጅ ፔሬዝ የሣለው 12 ክፍል ያለው ታሪክ ወጥቶ ዓለማቱን ኹሉ ወደ አንድ ጨፈለቃቸው። በሥዕልነቱ ታላቅ ሥራ ነው፤ ባሪ አለንም በዚያ ውስጥ ዓለሙን ለማዳን ሲል ይሞታል፤ ሞቱም ብዙ ዓመት ተከበረለት። ልማዱን የጀመረው ግን ይኸው መጽሐፍ ነው። አንድ ጊዜ ብራና የፋቀ እጅ ኹለተኛውን ለመፋቅ አይከብደውም።

እስቲ ወደ አገራችን እንመለስ። በቸርችል ጎዳናና በፒያሳ ባሉት የባህል ዕቃ ሱቆች የተሰቀለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል ያላየ የለም። ብዙ ጊዜ 44 ኾኖ በተራ በተከፈለው ሥዕል ዘንዶው ሲገደል፥ ነጋዴው ታምሪን ሲመለስ፥ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትወርድ፥ ምኒልክ ሲወለድ ይታያል። በውነቱ ከአሜሪካ ኮሚክ ጋራ በሥራው አንድ ነው። ሠዓሊው ኹሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ልብሱን በዘመኑ ልብስ ይለውጣል፤ ነገር ግን ከኔ በፊት የተሣለው ሐሰት ነው አይልም። ገዢውም ታሪኩን ስለሚያውቀው የሚያየው የሠዓሊውን እጅ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው። ንጉሡ ገና በሕይወት ሳሉ ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ታሪካቸውን እያመሰገነ ጻፈ፤ አለቃ ወልደ ማርያም ግን የኋለኛውን ዘመን ጭካኔ ሳይሸሽግ ተረከ። ከዚያም ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ. ም. በቴአትር፥ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 «የቴዎድሮስ ዕንባ» ብሎ፥ አቤ ጉበኛም በ1961 «አንድ ለናቱ» ብሎ እንደ ገና አነሧቸው። አንዱ የቋራውን ካሣ የአንድነት ሐዋርያ ያደርገዋል፤ ሌላው ብቸኝነቱንና ዕንባውን ይፈልጋል። ልቡን፥ አሳቡን፥ ፍቅሩን እያንዳንዱ ጸሐፊ በፈቀደው መንገድ ተርጕሞታል። መቅደላን ግን ሊፍቅ የሚችል ጸሐፊ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ለኹሉም አለች። አንባቢው መጨረሻውን እያወቀ መጽሐፉን የሚገልጠው በየትኛው መንገድ ወደዚያች አምባ እንደሚወሰድ ለማየት ነው። ስለዚህ አራት ጊዜ ቢተረክም ዐምስተኛውን ይጠብቃል።

ሱፐርማን ግን መቅደላ የለውም። አያረጅም፤ ቢሞትም በዓመቱ ይነሣል፤ በ1938 የነበረው ጐልማሳ ዛሬም ጐልማሳ ነው። መጨረሻ የሌለው ታሪክ ክብደት የሚያገኘው ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እስካኹን የተደረገው ነው። ያገባት ሚስት፥ የቀበረው ወዳጅ፥ የሠራው በደል የመቅደላን ቦታ ይይዙለታል። እነዚህ በአሳታሚ ፈቃድ የሚፋቁ ከኾነ ምንም ዋጋ የሚያስከፍለው ነገር አይኖርም፤ አንባቢውም የሚፈራለት ነገር ያጣል። ስለ ኀያሉ መፍራት ያልቻለ አንባቢ ደግሞ ጥራዙን ይዘጋዋል።

አሳታሚው ራሱ ይህን እንደ ተረዳው ቍጥሩ ይመሰክርበታል። በ2016 ዓመት አክሽን ኮሚክስ 957 የሚል ቍጥር ይዞ ወጣ። 904 ላይ ያቋረጠውን የቀደመ ቍጥርና በመካከል ያወጣቸውን 52 ጥራዞች ደምሮ መኾኑን ማንም ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። በዚያው ዓመት ዋሊ ዌስት ተመለሰ። በ2018 ቍጥር 1000 በወጣ ጊዜ የአባቶቻቸውን ጥራዝ የወረሱ ሰዎች ሳይቀሩ ገዙት። ቍጥር 1 የማይገዛው ክብር በ1000 ተገኘ።

ከከተማችን ሰው ይህን ነገር በመጽሐፍ ያየው ጥቂት ነው፤ በፊልም ግን ብዙው ያውቀዋል። ስፓይደር ማን በ2002፥ በ2012ና በ2017 በሦስት ተዋንያን ሦስት ጊዜ ተጀመረ። በ2021 ሦስቱም በአንድ ፊልም ሲገናኙ የሕዝቡ ደስታ ልክ አልነበረውም። በ2002 ልጅ የነበረው ተመልካች ትዝታህ እውነት ነው ተባለለት፤ ይኸውም እንደ ገና «አንድም» ማለት ነው።

ይህን በአራዳ ለሚኖር ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ. ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ቆመ፤ ጠላት አነሣው፤ ከድል በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ሌላ አዲስ ሐውልት ቢሠራ ኖሮ ያው አይኾንም ነበር። በ2016 ዓ. ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ነዋሪው ወደ ሌላ ሠፈር ኼደ፤ መንገዱም ሰፋ፥ አማረም። ይኹን እንጂ ሽማግሌው ዛሬም መንገድ ሲያመለክት በሌለው ቤት ያመለክታል፤ አዲሱ መንገደኛም አይገባውም። የድሮው አንባቢና የአዲሱ አንባቢ ጠብ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ኹለቱም እውነት አላቸው።

አኹን በኛም አገር ብሥራት ደበበ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ዓመት «ጀምበር» የተባለውን የአዲስ አበባ ኀያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል ታሪክ አውጥቷል። ገና ለጋ ስለ ኾነ ከቍጥሩ ብዛት የሚፈራ አንባቢ የለበትም። ነገር ግን ዕድሜ ሲያገኝ፥ ገበያም ሲቀዘቅዝ፥ ከቍጥር 1 እንጀምር የሚል መካሪ መምጣቱ አይቀርም። ለአዲስ አንባቢ በር ለመክፈት የአገራችን ጋዜጦች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ቀላል መንገድ አለ፤ በገጹ ራስ ላይ «ካለፈው የቀጠለ» ብሎ ያለፈውን በ5 መስመር ማሳጠር ነው። አምስት መስመር ለማንበብ የሚሰለች ሰው ስድስተኛውን ጥራዝ የሚገዛ አይመስለኝም።